ጃክ አልበርትሰን አርባ ዓመት አላባከነም

ሰሞኑን ከቻናል ቻናል ሲቀባበሉት የከረመውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ለፊልም ደንታ የሌላቸው ወዳጆቼ ሳይቀሩ ልከውልኛል። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣልና አልፈርድባቸውም። የሚያወራው ስለ ጃክ አልበርትሰን ነው። ስሙ ካልመጣላችሁ «ዊሊ ዎንካ» በተባለው የ1971 ፊልም የቻርሊ አያት ሆኖ የሚሠራውን ሽማግሌ አስታውሱ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ሳይወርድ ኖሮ የቸኮሌት ፋብሪካ ትጎበኛለህ ሲሉት ተነስቶ የሚጨፍረውን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። እንደሳቸው አባባል፣ አልበርትሰን ወጣትነቱን የፈጀበት ቡርሌስክ፣ ያ ቀልድና ጭፈራ የሚቀላቀልበት የድሮ የአሜሪካ መድረክ፣ ሴቶች ልብሳቸውን የሚያወልቁበት ቤት እንጂ ቴአትር አልነበረም፤ ኮሜዲያኑም ታዳሚው ሲጋራ ሊያጨስ ሲወጣ መድረኩ ባዶ እንዳይሆን የሚቆሙ ማሟያዎች ነበሩ። አልበርትሰን ደግሞ ቀልዶም አያውቅ፤ ከኮሜዲያኑ ፊል ሲልቨርስ ጎን ተገትሮ ጥያቄ መጠየቅ ነበር ሥራው። ስለዚህ አንድ ከባድ ተውኔት እስካገኘበት እስከ 1964 ድረስ ያለው አርባ ዓመት ገደማ የባከነ ዕድሜ ነው። በ«ዘ ሰብጀክት ዋዝ ሮዝስ» ፊልም ያገኘው ኦስካርም ለሽበቱ የተሰጠ ነው፤ የሚገባው አብሮት ለታጨው ለጂን ዋይልደር ነበር። ካራክተር ተዋናይነት፣ ማለትም ከኮከቡ ጎን ያሉትን ሰዎች መሥራት፣ ራሱ ኮከብ መሆን ላቃተው ሰው የሚሰጥ ማጽናኛ ነው። መደምደሚያቸውም ይህ ነው፦ ኮሜዲያን ቁም ነገር ሊሠራ ካሰበ አስቀድሞ ቀልዱን ይቅበር።

እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። አልበርትሰን በስተርጅናው ያስጨበጨበበት ትወና ከቡርሌስክ ያመለጠ ሰው ትወና አይደለም። እዚያው የተማረውን ሙያ ነው ካሜራ ፊት ይዞ የቀረበው።

የመጀመሪያውን ነጥብ ግማሹን እቀበላለሁ። የቡርሌስክ ቤቶች ገዳም አልነበሩም። የቡርሌስክ ቤቶች ባለቤት የነበሩት የሚንስኪ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ሂውስተን ጎዳና ላይ በነበረው ናሽናል ዊንተር ጋርደን ቴአትራቸው ልጃገረዶቹ እስከ ተመልካቹ መሀል የሚመላለሱበት መተላለፊያ አሠርተው ነበር። ጂፕሲ ሮዝ ሊን ስመ ጥር ያደረጋት ይኸው ዓለም ነው። በእረፍት ሰዓት በወንበሮቹ መካከል እየዞረ ከረሜላ የሚሸጠው ሰው ሳይቀር «ፓኮው ውስጥ የወርቅ ሰዓት ይወጣላችኋል» እያለ ያሞኛቸው ነበር። ቀልዶቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ባለጌ ናቸው፤ ሴትን የሚያዋርዱ፣ ዛሬ ብንሰማቸው ፊት የሚያስዞሩ። ይህን የምንሸፋፍንበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ኮሜዲያኑ ማሟያ ነበሩ» ማለት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። የእንግሊዟ ሊዲያ ቶምሰን ቡድኗን ይዛ በ1868 ኒው ዮርክ ስትገባ፣ ቡርሌስክ ማለት የታወቁ ታሪኮችንና የተከበሩ ድራማዎችን የሚያላግጥ ትርዒት ነበር። ልብስ ማውለቁ ዋና መስሕብ የሆነው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1920ዎቹ ነው። ቀልዱ ባለቤት፣ እርቃኑ እንግዳ ነበር ማለት ነው፤ እንግዳው በኋላ ቤቱን ወረሰው እንጂ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፣ ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት። በ1937 የኒው ዮርኩ ከንቲባ ላጋርዲያ አስተዳደር የቡርሌስክ ቤቶችን ፈቃድ አላድስም ብሎ ሲዘጋቸው ኮሜዲያኑ የት ገቡ? ማሟያ ቢሆኑ ኖሮ ዋናው ዕቃ ሲጠፋ አብረው ይጠፉ ነበር። በድ አበትና ሉ ኮስቴሎ ግን በ1938 ሬዲዮ ላይ ነበሩ፤ በ1940 ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ገቡ፤ በ1942 ደግሞ ብዙ ተመልካች ወደ ሲኒማ በመሳብ ከአሜሪካ ተዋንያን ሁሉ አንደኛ ተባሉ። ይዘውት የሄዱትም ያንኑ የቡርሌስክ ጭውውት ነው። የሬዲዮ አድማጭ እርቃን አያይም፤ ታዲያ በምን ሳቀ?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ቆም እላለሁ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚህ ስላለ። «አልበርትሰን ጥያቄ ጠያቂ ነበር» ይላሉ። ነበር። ግን ያ ሥራ ምን እንደሆነ ያወቁ አልመሰለኝም።

የቡርሌስክ ጭውውት ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ይቆማል። አንደኛው ሱሪው የሚያንሸራትተው፣ ባርኔጣው የተጨማደደው፣ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነው። ሁለተኛው ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተስተካከለ፣ እሱ ራሱ ፈጽሞ የማይስቅ ነው። ፈረንጆቹ ስትሬት ማን ይሉታል፤ እኔ አቀባይ ልበለው። ቀልዱን የሚያፈነዳው የመጀመሪያው ነው፤ መቼ እንደሚፈነዳ የሚወስነው ግን አቀባዩ ነው።

የአበትና የኮስቴሎን የታወቀ የቤዝቦል ጭውውት እንውሰድ፤ ከአሮጌ የቡርሌስክ ቀልዶች የተወለደ ነው። አበት የቡድኑን ተጫዋቾች ስም ይነግረዋል፤ የአንዱ ስም «ማን» ነው፣ የሁለተኛው «ምን»፣ የሦስተኛው «አላውቅም»። ኮስቴሎ «አንደኛው ቤዝ ላይ ያለው ማን ነው?» ይላል። አበት «አዎ» ይለዋል። «ሰውዬውን ነው የምልህ!» «ማን።» «አንደኛው ላይ ያለውን!» «ማን ነዋ።» እያለ ይቀጥላል። ሰው የሚስቀው ኮስቴሎ ሲንጨረጨር ነው። አበትን ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የሚመልሳት አንዲት «አዎ» ለአፍታ ብትዘገይ ኮስቴሎ በባዶ ሜዳ የሚጮህ ሰው ይሆናል፤ ብትፈጥን ደግሞ ያለፈው ሳቅ ይውጣታል። አቀባዩ አዳራሹን ይሰማል። ሳቁ ሲወጣ ይጠብቃል፤ መውረድ ሲጀምር፣ ሳይሞት፣ ቀጣዩን ይወረውራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ምንም እንዳላደረገ ሰው ፊቱን ሳይለውጥ ነው። ዘፈን አውጪው ቢሞካሽም ያለ ተቀባይ የትም እንደማይደርስ የሰርግ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል።

የሙያው ሰዎችም ያውቁ ነበር። አበትና ኮስቴሎ ሲጀምሩ ከገቢያቸው ስድሳ በመቶ የሚወስደው አቀባዩ አበት ነበር፤ አርባው የኮስቴሎ። ስም ሲጠራም አበት ይቀድማል። ኮስቴሎ ክፍያው እንዲገለበጥ የጠየቀው ሆሊውድ ገብተው፣ እሱ ገንኖ ከወጣ በኋላ ነው። ቡርሌስክ ቤት ውስጥ ጥሩ ኮሜዲያን ማግኘት ከባድ ነበር፤ ጥሩ አቀባይ ማግኘት ደግሞ የባሰ።

አልበርትሰን እንግዲህ ይህን ሙያ የያዘ ሰው ነው። በ1907 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሞልደን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ መጀመሪያ ቮዴቪል በሚባለው የዘፈን፣ የጭፈራና የቀልድ ቅይጥ መድረክ ላይ ዳንሰኛ ነበር፤ ከዚያ በሚንስኪ ቤቶች ለፊል ሲልቨርስ አቀባይ ሆነ። በቀን አራት አምስት ጊዜ መድረክ መውጣት የተለመደበት ቤት ነው። ጭውውቱ በወረቀት አይታደልም፤ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች የቀልዱን ስም ብቻ ተጠራርተው መጋረጃው ይከፈታል። አጠገብህ ያለው ሰው መስመር ሲዘል፣ ሲጨምር፣ ሲረሳ፣ አንተ ሰምተህ ነው የምትመልሰው። ተዋናይ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው «አብሮህ የሚሠራውን ስማ» የሚለው ምክር ነው። አልበርትሰን ይህን የተማረው ካልሰማ በሚያፏጭበት ሕዝብ ፊት ነው።

በ1951 ሲልቨርስ የቡርሌስክ ዘመኑን በሚያስታውስ «ቶፕ ባናና» በተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት የኒው ዮርኩን የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይን ሲቆጣጠር፣ አልበርትሰን አብሮት መድረኩ ላይ ነበር። የተገተረ እንጨት ከነበረ፣ በ1951 ኒው ዮርክ ውስጥ ሌላ እንጨት አይታጣም ነበር።

«የባከነው አርባ ዓመት» የሚለውን በአጭሩ ላልፈው እችል ነበር፤ ግን አንድ ትዕይንት አላሳልፍ አለኝ። በየገናው የሚታየው «ሚራክል ኦን 34ዝ ስትሪት» በ1947 የወጣ ነው። ክሪስ ክሪንግል የሚባል ሽማግሌ የገና አባት ነኝ በማለቱ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ጠበቃው መፍትሔ አጥቷል። እዚህ ላይ ፊልሙ ወደ አንድ ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ ደብዳቤ የሚለይ ሠራተኛ ከፊቱ ካለው ክምር አንዱን ያነሳል፣ አድራሻውን ያነባል፤ አንዲት ልጅ ለክሪስ ክሪንግል በፍርድ ቤቱ አድራሻ የላከችው ነው። ሰውዬው ትንሽ ያስባል። ከዚያ ለባልደረባው ሐሳቡን ያጫውተዋል፦ ለገና አባት ተጽፈው ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎች መጋዘን አጣበው የለም እንዴ? ሁሉንም ለምን ወደዚያ አንልክለትም? የፊልሙ ቋጠሮ የሚፈታው በዚህች ሐሳብ ነው፤ ዳኛው ፊት የፖስታ ከረጢት ይዘረገፋል፣ ክሱ ይወድቃል። ያ ሠራተኛ አልበርትሰን ነው።

ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ጸሐፊው ይህን የውድቀቱ ማስረጃ አድርገው ጠቅሰውታል፤ አለመጻፉ እውነት ነው፣ ያሳዝናልም። ግን ትዕይንቱን ራሱን አይተውታል? ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሰውዬው አይቀልድም፣ ፊቱን አያጣምምም፤ ደክሞት ማታ ተረኛ የገባ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ሐሳቡ ሲመጣለት ግን ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚያወጣው። ያ አቀባዩ ነው፤ የሚቀጥለው ትዕይንት እንዲፈነዳ ቀለሃውን አጉርሶ የሚሄደው።

«ከ1964 በፊት ቁም ነገር ሠርቶ አያውቅም» የሚለው ደግሞ በቀጥታ ስህተት ነው። በ1961 «ትዋይላይት ዞን» በተባለው ተከታታይ ውስጥ «ዘ ሼልተር» የሚል ክፍል አለ። የሚሳኤል ጥቃት ሊመጣ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሲሸበር፣ ለቤተሰቡ ብቻ የሚበቃ መጠለያ የሠራው ሐኪም በሩን ይዘጋል፤ ጎረቤቶቹ ይለምኑታል፣ ከዚያ እርስ በርስ ይበላላሉ። ከጎረቤቶቹ አንዱ አልበርትሰን ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ሳቅ የለችም። በ1964 ራሱ ከኤልቪስ ፕሬስሊ ጋር በሁለት ፊልሞች ይታያል። ሲጠሩት ሄዶ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ይህን ብክነት የምንል ከሆነ የአብዛኛው ባለሙያ ዕድሜ ብክነት ነው።

ኦስካሩ ላይ ጸሐፊው አንድ ጥሩ ነጥብ አላቸው፤ መጀመሪያ እሱን ልስጣቸው። «ዘ ሰብጀክት ዋዝ ሮዝስ» በመሠረቱ የሦስት ሰው ታሪክ ነው። በ1946 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ አንድ ልጅ ከጦርነት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አባትና እናቱ በእሱ ላይ፣ እሱም በነሱ መሀል ይጎተታሉ። አልበርትሰን አባትየው ጆን ክሊሪ ነው። እናትየውን የሠራችው ፓትሪሺያ ኒል በመሪ ተዋናይት ዘርፍ ስትታጭ፣ አባትየው ረዳት ተዋናይ መባሉ ያከራክራል። በመሪነት መወዳደር ነበረበት ቢባል አልቃወምም።

ለሽበቱ ተሰጠው የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። ይህን ሚና በፊልም ከመሥራቱ በፊት በብሮድዌይ ሠርቶታል። የፍራንክ ጊልሮይ ተውኔት የተከፈተው በግንቦት 1964 ነው፤ አልበርትሰን 57 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት። ተውኔቱ 832 ጊዜ ታየ፤ በ1965 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት አልበርትሰን ለዚሁ ሚና ቶኒ ተሸለመ። ፊልሙ ሲሠራ ዳይሬክተሩ ኡሉ ግሮስባርድ ከመድረኩ ይዟቸው የመጣው አልበርትሰንንና ወጣቱን ማርቲን ሺንን ነው፤ የተለወጠችው እናትየዋ ብቻ ናት። እንግዲህ ቶኒውን የሰጡት የኒው ዮርክ የቴአትር ሰዎች፣ ኦስካሩን የሰጡት ሎስ አንጀለስ ያሉ የፊልም ሰዎች ናቸው። ሁለቱም በአራት ዓመት ልዩነት ለአንድ ሽበት አዘኑ ልንል ነው?

ሚናውን ራሱን እንየው። ልጁ ጽጌረዳ ገዝቶ ለእናቱ ያመጣና አባትየው የገዛው ያስመስላል። እናት ደስ ይላታል፤ ባሏ ስንት ዘመን አበባ አምጥቶላት አያውቅም። ሦስቱም ተያይዘው ወጥተው ሲዝናኑ ያመሻሉ። ሌሊት ቤት ሲመለሱ ባልየው ሞቅ ብሎታል፤ ሊቀርባት ይሞክራል፤ እሷ ትሸሻለች፤ የአበባ ማስቀመጫው ይሰበራል። በዚህን ጊዜ ነው ጽጌረዳውን የገዛው እሱ እንዳልሆነ፣ ሐሳቡም የልጁ እንደነበር የሚነግራት። አጭር ንግግር ናት። ዱላ ማንሳት አያስፈልጋትም፣ ዱላዋ ራሷ ናት። ቶሎ ከተባለች ንዴት ብቻ ትሆናለች፤ ከዘገየች ጭካኔዋ ይጎላና ሰውየውን መቼም ይቅር አንለውም። ትክክለኛው ቦታዋ ጠባብ ነው። በቀን አራት ጊዜ ሳቅ ሲወጣና ሲወርድ ሲለካ የኖረ ሰው ያንን ጠባብ ቦታ ከየት እንዳገኘው መጠየቅ የለብንም። ለቀልድ የምትሆን ቅጽበትና ለጉዳት የምትሆን ቅጽበት በአንድ ሰዓት ነው የሚለኩት።

ጂን ዋይልደርን በተመለከተ ጠብ የለንም። በ«ዘ ፕሮዲውሰርስ» አስደናቂ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም እሱን ይመርጣል፤ የጣዕም ጉዳይ ነው። ብቻ አንድ ነገር ያስቀኛል። ጸሐፊው «ሽልማቱን ነጠቀው» ያሉት ሰውና ተነጠቀ የተባለው ሰው በሁለተኛው ዓመት ሙኒክ ላይ አብረው «ዊሊ ዎንካ»ን እየቀረጹ ነበር። አንዱ ፋብሪካውን ያስጎበኛል፣ ሌላው ይጎበኛል።

ስለ ፒጃማው ሽማግሌ ከተነሳ አይቀር፣ «ሃያ ዓመት ተኝቶ ለቸኮሌት ሲባል የሚነሳ ሰነፍ» የሚለው የኢንተርኔት ፌዝ የገጸ ባሕርዩ ጉዳይ ነው፤ ቅሬታ ያለው ታሪኩን ለጻፈው ያቅርብ። ተዋናዩን ለመመዘን ግን አነሳሱን እዩት። እግሩ መሬት ሲነካ ይንቀጠቀጣል፤ ሊወድቅ ይላል፤ ይሞክራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጉልበቱ ሙዚቃውን እያስታወሰ ይሄዳል። ያኔ 63 ዓመቱ ነው። መጨፈር የማይችል ሰው እንዲህ አድርጎ መጨፈር ያልቻለ ሊመስል አይችልም። ቮዴቪል ላይ የጨፈረባቸው ዓመታት ባክነዋል ለሚሉት ሰው መልሱ እዚያ አልጋ ሥር ቆሟል።

«ካራክተር ተዋናይነት ማጽናኛ ነው» የሚለው ሐሳብ ከአልበርትሰን ያለፈ ነው፤ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ አለማወቅ ይመስለኛል። በ1972 የወጣውን «ዘ ፖሳይደን አድቬንቸር» አስታውሱ። መርከብ ተገልብጦ የተረፉት ሰዎች ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ መርከቡ ሆድ፣ የሚወጡበት ፊልም። ዋናው ሰው ጂን ሃክማን ነው። አልበርትሰን ማኒ ሮዘን የተባለ ሽማግሌ ነው፤ ከሚስቱ ቤል ጋር የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ እስራኤል እየሄዱ ነበር። ሼሊ ዊንተርስ የሠራቻት ቤል በውሃ ውስጥ ዋኝታ ሃክማንን ታድንና ልቧ ይቆማል። ከመሞቷ በፊት «ሕይወት» የሚል የዕብራይስጥ ምልክት ያለበትን የአንገት ጌጧን ለማኒ እንዲሰጥላት፣ እሱም ለልጅ ልጃቸው እንዲያደርስ ታዝዛለች። ማኒ ዋኝቶ ይደርሳል፤ ያያታል። ትቷት መሄድ አይፈልግም።

ፊልሙ ግርግር የበዛበት ነው፤ ውሃው፣ እሳቱ፣ ጩኸቱ። ትልቅ ድራማ ነው አልልም። ግን ማኒ እዚያ ሬሳ አጠገብ ባይቀመጥ ኖሮ ሞቱ ሁሉ የቁጥር ጉዳይ ይሆን ነበር። ኮከቡ ሰዎችን ወደፊት መጎተት አለበት፤ ማዘን አይችልም፣ ጊዜ የለውም። ሐዘኑን የሚሸከምለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ማጽናኛ ከሆነ የተጽናናው ኮከቡ ነው። ደግሞም በዚያች በተገለበጠች መርከብ ውስጥ ከተረፉት መካከል ሬድ በተንስም አለ፤ እሱም የቡርሌስክ ልጅ፣ እሱም በ«ሳዮናራ» የ1957ን የረዳት ተዋናይ ኦስካር ያገኘ። ሁለት የሚንስኪ ምሩቃን፣ ሁለት ኦስካር፣ አንድ መርከብ። ይህ የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይመስለኝም።

እርግጥ ነው፣ ሆሊውድ ለካራክተር ተዋንያን ፍትሐዊ አልነበረም። በታኅሣሥ 1972 በብሮድዌይ የተከፈተውን «ዘ ሰንሻይን ቦይስ» ከዋናዎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ሆኖ ያስጀመረው አልበርትሰን ነው፤ የቮዴቪል ጓደኛሞች ታሪክ ነውና ከእሱ የተሻለ ማን ያውቀዋል? በ1975 ፊልም ሲሆን ግን ሚናው ለዋልተር ማታው ተሰጠ፤ ስሙ ቲኬት ይሸጣላ። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር፤ አላነሱትም፣ እኔ ላንሳላቸው።

የቀረው መደምደሚያቸው ነው፤ ቀልድህን ቅበር የሚለው። ጸሐፊው የአልበርትሰንን ሕይወት ከኦስካሩ ላይ ያቆሙታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስለማይመቻቸው። ከኦስካሩ በኋላ ሰውየው ወደ ቀልድ ነው የተመለሰው። ከ1974 እስከ 1978 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን «ቺኮ ኤንድ ዘ ማን» ላይ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ጋራዥ ባለቤት የሆነውን ነጭናጫ ኤድ ብራውንን ሠራ። ቺኮ ሆኖ የመጣው ፍሬዲ ፕሪንዝ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ኮሜዲያን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚስቀው በእሱ ነው። አልበርትሰን ከሲልቨርስ ጋር የነበረውን ቦታ መልሶ ያዘ፤ ጎረምሳውን እየሰማ፣ እየጠበቀ፣ እያቀበለ። በ1976 ለዚህ ሥራ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመ። ኦስካር፣ ቶኒና ኤሚ ሦስቱንም ያገኘ ተዋናይ ጥቂት ነው፤ ሦስተኛው የመጣለት ተቀበረ በተባለው ቀልድ ነው።

በጥር 1977 ፕሪንዝ በ22 ዓመቱ ሞተ። ተከታታዩ ግን ቀጠለ፤ ራውል የሚባል ትንሽ ልጅ መጣ። ኋላ ላይ በአንድ ክፍል ራውል የቺኮን ጊታር አግኝቶ ሲጫወት ኤድ ያገኘዋል፤ ተናዶ ጊታሩን ይሰብረዋል። ልጁ ይጠፋል። ኤድ ፈልጎ ያገኘውና ቺኮ መሞቱን ያስረዳዋል። ይህ እንግዲህ የሳቅ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ተመልካቹ ሊስቅ የተቀመጠበት ሰዓት ላይ። አጠገቡ የነበረው ሰው በእውነት ሞቷል። ቀልዱን የቀበረ ተዋናይ እዚያ ቦታ ላይ ቢቆም ምን ያደርግ ነበር? የሚያለቅስ ይመስለኛል። አልበርትሰን ግን በዚያው በኤድ ብራውን ኩርፊያና ንጭንጭ ውስጥ ሆኖ ነው ሐዘኑን የሚናገረው።

ምሳሌው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ በርት ላርን ልጨምር። በ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፈሪውን አንበሳ የሠራው፣ እሱም ከቡርሌስክ የመጣ። በ1956 «ዌይቲንግ ፎር ጎዶ» የተባለው የሳሙኤል ቤኬት ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ሲታይ መድረኩ ላይ የቆመው ላር ነው። ማያሚ ላይ «የሳቅ ድግስ» ተብሎ በመተዋወቁ ተመልካቹ ግራ ተጋብቶ እየተነሳ ወጣ፤ ብሮድዌይ ላይ ግን ላር ተደነቀ። ባርኔጣና ጫማውን ይዞ፣ የማይመጣ ሰው የሚጠብቅ ምስኪን እንዴት እንደሚሠራ ከቡርሌስክ ኮሜዲያን የበለጠ ማን ያውቃል? አልክድም፣ ሁሉም እንዲህ አልሆኑም። ፊል ሲልቨርስ እስከ መጨረሻው ፊል ሲልቨርስ ነበር፤ ከባድ ድራማ አልሞከረም፤ መሞከርም አላስፈለገውም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው ግርጌ ቀጣዩ ክፍል ስለ ሬድ በተንስ እንደሚሆን ቃል ገብተዋል። አነበዋለሁ፣ ብዕራቸው ይጣፍጣል ብያለሁ። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ከኦስካሩ አይጀምሩ። ከ1942 ይጀምሩ፤ የላጋርዲያ ሰዎች ከ1937ቱ መዝጋት በኋላ በኒው ዮርክ የቀረበውን የመጨረሻውን የሚንስኪ ትርዒት ሊዘጉ ሲገቡ መድረኩ ላይ የነበረው ኮሜዲያን እሱ ነው።